አወዛዋዥ ሞገድ፦ የድብልቅ አፈርን ግትርነት በሞገድ መለካት

መሐንዲሶች «ሸር ዌቭ» የሚሉትን ቃል እዚህ «አወዛዋዥ ሞገድ» ብለነዋል። መሬት ሲመታ ወይም ሲናወጥ ከሚነሡት ሞገዶች አንዱ ነው። «ገፊ ሞገድ» የአፈሩን ቅንጣቶች በሚጓዝበት አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ያልፋል። አወዛዋዥ ሞገድ ግን ቅንጣቶቹን ከጉዞው አቅጣጫ ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ስሙም ከዚሁ ሥራው የተወሰደ ነው።

ይህ ሞገድ ለጎጃም ያለውን ጥቅም ለማየት ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስ የሚያገናኘው ይህ መንገድ በመሬት መንሸራተት ሲጎዳ ኖሯል። የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ጃይካም ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ ችግሩን አጥንቷል። ከአፋፉ ባዛልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰም ያለበት ንብርብር ይገኛል። ከእነዚህ እየተፈረካከሰ የወረደው ሁሉ ገደሉ ወገብ ላይ ተከምሯል፤ ቤት የሚያክል ቋጥኝ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ሸክላማ ጭቃ አንድ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ።

እንዲህ ያለው ድብልቅ ለመመርመር አስቸጋሪ ነው። መሰርሰሪያው ቋጥኝ ሲያገኝ አለት ላይ የተደረሰ ይመስላል፤ ከቋጥኙ ሥር ግን ለስላሳ ጭቃ ሊኖር ይችላል። ናሙና ቢወጣም ትልልቁ ድንጋይ ከናሙና መያዣው ውጭ ይቀራል፣ ደቃቁም ሲወጣ ይበተናል። ስለዚህ ቤተ ሙከራ የሚደርሰው አፈር ዳገቱ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። ሞገድ ግን አፈሩን ሳይነካካ፣ ቋጥኙንም ጭቃውንም ባንድነት አልፎ የጠቅላላውን ጠባይ ይናገራል።

ከሁለቱ ሞገዶች አወዛዋዡ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ውሃ ሲገፉት መልሶ ይገፋል፤ ጎን ለጎን ሲያወዛውዙት ግን ወደ ቦታው የሚመልሰው ኃይል የለውም። አወዛዋዥ ሞገድ ስለዚህ በውሃ ውስጥ አያልፍም። ገፊ ሞገድ ግን ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የሚነግረን በአብዛኛው ስለ ውሃው ነው። አወዛዋዡ የሚያልፈው ቅንጣት ከቅንጣት በሚነካካበት አጽም በኩል ብቻ ነው። ፍጥነቱም የአጽሙን ግትርነት ያሳያል፦ የፍጥነቱ ካሬ በአፈሩ እፍግታ ሲባዛ ግትርነቱን ይሰጣል። እፍግታው እኩል ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ፣ ግትርነቱ አራት እጥፍ ነው ማለት ነው።

በድብልቅ አፈር ላይ ዋናው ጥያቄ አጽሙን የያዘው የትኛው ቅንጣት ነው የሚለው ነው። ጆንያ ሙሉ ባቄላ ላይ ጤፍ ቢፈስ፣ ጤፉ መጀመሪያ በባቄላው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ባቄላው እርስ በርሱ እንደተደጋገፈ ይቆያል። ጤፉ ከክፍተቱ ሲያልፍ ግን ባቄላው ይለያያል፣ ጭነቱንም ጤፉ ይሸከማል። በአፈርም ይኸው ነው። ይህ ለውጥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደቃቁ አፈር ከጠቅላላው ክብደት ከ20 እስከ 35 በመቶ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ክፍተት ውስጥ የተቀመጠው ደቃቅ ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙ ጭነት አይሸከምም። ሁለት አፈሮች በውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ እኩል ሆኖ ሳለ የሞገዱ ፍጥነት የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ለመንገድ ሙሌት የሚፈሰው ገረጋንቲም ራሱ ድብልቅ አፈር ስለሆነ በዚሁ ሕግ ይገዛል።

ሁለተኛው ፍጥነቱን የሚወስነው ነገር ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ጫና ነው። ሃርዲንና ሪቻርት የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት ይህን በአሸዋ ላይ አሳይተዋል። በግምት ጫናው 16 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ፍጥነቱ በጥቂቱ መቀነሱ ጫናው በብዙ መላላቱን ያመለክታል። ክረምት ገብቶ ውሃ በክፍተቶቹ ውስጥ ሲጠራቀም የሚሆነውም ይህ ነው፤ ውሃው ቅንጣቶቹን ያላላል፣ ሞገዱም ይዘገያል። በስዊዘርላንድ ፖን ቡርካን በተባለ ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 መሬቱ ከመንሸራተቱ በፊት በነበሩት ቀናት የሞገዱ ፍጥነት 7 በመቶ ያህል ቀንሶ ተመዝግቧል።

ልኬቱ የሚጠይቀው መሣሪያ ዳገት ላይ ተሸክመውት የሚወጡት ነው። ጂኦፎን የሚባሉ ንዝረት መዝጋቢዎች፣ ብዙ ጊዜ 24፣ በአንድ መስመር መሬት ላይ ይተከላሉ፤ ከመስመሩ ጫፍ የብረት ሳህን በትልቅ መዶሻ ይመታል። ከመሬት ገጽ ጋር ከሚሄዱት ሞገዶች ረጃጅሞቹ ጥልቁን፣ አጫጭሮቹ ላይኛውን ክፍል ይነካሉ። የሁለቱን ፍጥነት በማነጻጸር አወዛዋዡ ሞገድ በየጥልቀቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይሰላል። ይህ ዘዴ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የካንሳስ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪዎች ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ ነው።

የአወዛዋዡ ሞገድ ፍጥነት በአገራችን የግንባታ ደረጃም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ለመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ሲሠራ መሬቱን በላይኛው 30 ሜትር አማካይ ፍጥነት ይመድባል። በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ የሆነው እንደ አለት ይቆጠራል፤ ከ180 በታች የሆነው ደግሞ ልል አፈር ነው።

ሞገድ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም። የሚለካው አፈሩ በጣም ጥቂት ሲነቃነቅ ያለውን ግትርነት ነው፤ ዳገቱ መቼ እንደሚናድ በቀጥታ አይናገርም። የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ጉድጓድና የተዳፋቱን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ አብረውት ሊኖሩ ይገባል።

ይሁን እንጂ ለዓባይ ሸለቆ መንገድ የሚበጅ አንድ ሥራ አለ። አንድ መስመር ላይ በግንቦት መለካት፣ ነሐሴ ላይ እዚያው መድገም፣ ልዩነቱንም በየዓመቱ መዝግቦ መያዝ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከመንገድ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ይህን ቢጀምሩት፣ መንገዱ ከመሰንጠቁ በፊት የት እየላላ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ይኖረናል። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ይጀመር።