የክሮሼይ ቤተሰብ

የክሮሼይ ቤተሰብ በዌልስ፣ መርተር ቲድቪል ከተማ የሚገኘውን የከቫርስቫ ብረት ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የያዘ የእንግሊዝ ነጋዴ ቤተሰብ ነበር (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)።

መሥራቹ ሪቻርድ ክሮሼይ (1739–1810) ከዮርክሸር ለንደን ገብቶ በአንድ ብረት ነጋዴ ቤት ተቀጠረ፤ መጀመሪያ ካውያ ይሸጥ እንደነበር ይነገራል። ኋላ ራሱ ነጋዴ ሆኖ በ1786 ፋብሪካውን ያዘ። በዚያ ሰሞን ሄንሪ ኮርት አዲስ ዘዴ አውጥቶ ነበር፦ ብረቱ የድንጋይ ከሰሉን ሳይነካ በእቶን ይቀልጣል፣ ሠራተኛውም በረጅም ዘንግ እያማሰለ ያጠራዋል። ሪቻርድ ይህን ዘዴ በብዛት ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በ1794 የተከፈተው የግላሞርጋንሸር ቦይም ብረቱን በጀልባ ወደ ካርዲፍ ወደብ አደረሰ።

ልጁ ዊሊያም ለንደን ተቀምጦ ሲሸጥ፣ የልጅ ልጁ (እሱም ዊሊያም ይባላል) መርተር ላይ ያመርት ነበር። የቤተሰቡ ጥንካሬ ይኸው ነበር፤ የማምረቱም የመሸጡም ትርፍ ከቤት አይወጣም። የልጅ ልጁ በ1825 ፋብሪካውን ቁልቁል የሚያይ ግንብ አሠራ። በ1831 ደመወዝ መቀነሱ ደግሞ ለመርተር ዓመፅ አንዱ መነሻ ሆነ፤ ወታደሮች ተኩሰው ብዙ ሰው ሞተ።

ጎረቤቱ የዳውላይስ ፋብሪካ በ1865 አረብ ብረት (ስቲል) ማምረት ሲጀምር፣ ተከታዩ ባለቤት ሮበርት ክሮሼይ በአሮጌው ብረት ጸና። በ1870ዎቹ አጋማሽ ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልቶ ፋብሪካውን ዘጋ። በ1879 ሲሞት መቃብሩ ላይ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ተብሎ ተጻፈ። ልጆቹ ወደ አረብ ብረት ቢዞሩም ዘግይተው ነበር፤ በ1902 ፋብሪካው ዳውላይስን ለያዘው ድርጅት ተላለፈ። ግንቡ ዛሬ ሙዚየም ነው።