ከመጽሐፉ በፊት የመጣ አንባቢ

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ስለ ደራሲ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ገንዘቡ ላይ ነው። አባላት እንደምታውቁት ማታ ማታ የምጽፈው ልብ ወለድ አለኝ። አንድ አሳታሚ ዘንድ ብወስደው «የማሳተሚያውን ግማሽ ከቻልሽ እንነጋገር» ተብዬ ተመለስኩ። የሐሪየት ቢቸር ስቶው ታሪክ የነካኝ ለዚህ ነው።

ሐሪየት በአሜሪካ ሜይን ግዛት የምትኖር የመምህር ሚስትና የልጆች እናት ነበረች። የባሏ ደመወዝ ስለማይበቃ እየጻፈች ቤቷን ትደጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1851 የባርነትን ግፍ የሚያሳይ ታሪክ «ናሽናል ኢራ» ለተባለ የዋሽንግተን ሳምንታዊ ጋዜጣ መላክ ጀመረች። ያሰበችው ለሦስት አራት ሳምንት ነበር፤ ታሪኩ ግን እየረዘመ ከ40 ሳምንት አለፈ። ጋዜጣው የከፈላት በጠቅላላው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፏ ሳይወጣ በቀረ ሳምንት አንባቢዎች ለምን ቀረ እያሉ ለአዘጋጁ ይጽፉ ነበር። ይህን በየትኛው ሒሳብ እንመዘግበዋለን? እኔ ብሆን ሀብት በሚለው ሥር አስገባው ነበር።

አሳታሚ ማግኘቱ ግን ቀላል አልሆነም። አንድ የቦስተን ድርጅት የደቡብ ደንበኞቼን ያስቀይምብኛል ብሎ ፈርቶ ተወው። ሌላው የቦስተን አሳታሚ ጆን ጁዌት የተቀበለው፣ ታሪኩን በጋዜጣ ትከታተል የነበረች ሚስቱ ገፋፍታው ነው። (አንባቢዋ እቤቱ ተቀምጣለች ማለት ነው!)

ጁዌት ምርጫ አቀረበ፦ የኅትመቱን ግማሽ ወጪ ከቻሉ ትርፉን እኩል መካፈል፣ ካልቻሉ ከሽያጩ 10 በመቶ። ባልና ሚስቱ ገንዘብ ስላልነበራቸው 10 በመቶውን ያዙ። «የአጎት ቶም ጎጆ» በመጋቢት 1852 ወጣ። የመጀመሪያው 5,000 ቅጂ በቀናት ውስጥ አለቀ፤ በአንድ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 300,000 ተሸጠ። እህቷ ካትሪን በውሉ እጅግ ተናደደች።

ባዶ እጁን ያለ ሰው ግማሽ ወጪ እሸፍናለሁ ብሎ አይፈርምምና ባልየውን አልወቅሰውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሐሪየት ባዶ እጇን አልመጣችም። በአሥር ወር ያፈራችውን አንባቢ ይዛ ነው የመጣችው፤ ውሉ ሲጻፍ ግን ያ እንደ መዋጮ አልተቆጠረላትም።

እኔም ከኅዳር ጀምሮ በቅዳሜው ቡናችን ላይ አንዳንድ ምዕራፍ እያነበብኩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ታሞብኝ ብቀር ሦስት ሴቶች ደውለው ልጅቷ ተዳረች ወይስ አልተዳረችም ብለው ጠየቁኝ። ሦስቱንም መዝግቤያለሁ። አሳታሚው ዘንድ ተመልሼ ስሄድ ደብተሩን ይዤ ነው።