ማዕረግ በትከሻ፣ ማዕረግ በሰንደቅ

የዛሬን ወታደር ማዕረግ ከትከሻው ላይ ታነባለህ። በአገራችን ስሙም ራሱ ቁጥር ነው፤ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሻለቃ። ሻለቃ የሺህ አለቃ ማለት መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ግን በትከሻ ላይ የሚደረግ ምልክት አልነበረም። በጦር ሜዳ አዛዡ የሚታወቀው በያዘው ሰንደቅ ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 629) 3,000 ያህል ሠራዊት ወደ ሙእታ ሲዘምት ነቢዩ የአዛዦቹን ተራ አስቀድመው ወሰኑ፤ ዘይድ ኢብን ሓሪሣ፣ እሱ ቢወድቅ ጃዕፈር፣ ከዚያም ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ (ረ.ዐ.)። ልብ በል! ጃዕፈር የነቢዩ የአጎት ልጅ ነው፤ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ስደተኞቹ የተናገረውም እሱ ነው። ዘይድ ደግሞ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ጃዕፈር ግን በዘይድ ሥር ዘመተ። ሦስቱም በየተራቸው ሸሂድ ሆኑ። ጃዕፈር እጆቹ ተቆርጠው እንኳ ሰንደቁን በክንዶቹ አቅፎ እንደያዘ ይተረካል።

ከዚህ በኋላ የተሾመ ሰው አልነበረም። ሰንደቁን ሣቢት ኢብን አቅረም አነሳው። ሰዎቹ እሱ ራሱ እንዲመራቸው ቢጠይቁት እምቢ ብሎ ለኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ሰጠው። ሣቢት በበድር የተዋጋ ነባር ሰሓባ ነው፤ ኻሊድ ግን ከሰለመ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ሠራዊቱን ከጥፋት አውጥቶ ወደ መዲና የመለሰው ኻሊድ ነው።