ርስትና የግብር ግምት በሰሜን ሸዋ ደጋ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ መሬት በአብዛኛው የሚያዘው በርስት፣ ማለትም ከአንድ አቅኚ አባት መወለድን ቆጥሮ በሚገኝ የድርሻ መብት ስለነበር፣ ግብር የመንግሥት ገቢ ብቻ ሳይሆን በሙግት ጊዜ የሚጠቀስ የባለርስትነት ማስረጃም ነበር። የባላገሩ ምሬት ከግብሩ ይልቅ በግምቱ ላይ ያተኮረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዐሥራት፣ ከምርቱ ዐሥር እጅ አንዱ፣ የሚወሰነው ገማቹ ሰብሉን በዓይኑ አይቶ በመሆኑ፣ ገብሱ ሳይወቃ እርሱን መጠበቅ፣ ሲመጣም ማስተናገድ ራሱን የቻለ ዕዳ ነበር።

የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ዐሥራቱን በገንዘብ ሲተምን፣ በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ለተለካ አንድ ጋሻ፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ ግብርና ዐሥራቱ ተደምሮ ለም ከሆነ 50፣ ለም ጠፍ ከሆነ 40፣ ጠፍ ከሆነ 15 ብር እንዲከፈል ስለደነገገ፣ ክርክሩ ከክምሩ ወደ መሬቱ ደረጃ ዞረ፤ ውርጭ ለሚመታው ማሳ ደግሞ «ለም» መባል ሹመት አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካ ግን ግምቱ ተመልሶ ወደ ምርቱ መጣ፤ በጎጃም ገበሬው ይህን የቀላድ መንገድ ጠራጊ አድርጎ ስላየው መሣሪያ አነሣ፣ መንግሥትም ውዝፉን እስከ መሰረዝ ደረሰ።