የአደባባይ ሰዓትን ማን ይሙላው?

ዛሬ ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ስልካችንን ከኪስ ማውጣት ይበቃናል። የእጅ ሰዓት ገና ባልተለመደበት ዘመን ግን የኒው ዮርክ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሲገሰግስ ቀና ብሎ የሚያየው በእግረኛ መንገድ ላይ የተተከለውን ሰዓት ነበር።

እነዚህን ሰዓቶች ያቆሙት በአብዛኛው የወርቅና የሰዓት ነጋዴዎች ናቸው። ዓላማቸው ሱቃቸውን ማስተዋወቅ ቢሆንም፣ መንገደኛው ሁሉ ያለ ክፍያ ይጠቀምባቸው ነበር። ምሰሶዎቹ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። በአምስተኛው ጎዳና ቁጥር 200 ፊት ለፊት የቆመውን ባለ ሁለት ገጽ ሰዓት የብሩክሊኑ ሄክላ የብረት ፋብሪካ በ1909 እ.ኤ.አ. ሠራው። በሦስተኛው ጎዳና ያለው ደግሞ ትልቅ የኪስ ሰዓት ይመስላል።

ዘመኑ ሲለወጥ ሱቆቹ ተዘጉ፣ ሰዓቶቹም ጠባቂ አጡ። በ1981 የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን በማንሃተን፣ በኩዊንስና በብሩክሊን የሚገኙ ሰባት የመንገድ ሰዓቶችን በቅርስነት መዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ ማፍረስም ሆነ መለወጥ አይቻልም።

ነገር ግን ሕግ ሰዓትን ከመፍረስ ያድነዋል እንጂ አይሞላውም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በዚያው ከተማ፣ በብሮድዌይ ጎዳና ቁጥር 346 ሕንፃ ማማ ላይ ያለው ባለ አራት ገጽ ሰዓት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተተከለው ይህ ሰዓት በክብደት የሚሠራ፣ በየሳምንቱ በእጅ የሚሞላ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ሳለ ማርቪን ሽናይደር የተባለ የከተማው መንግሥት ሠራተኛ አየው። ማንም ሳያዘው በ1979 ከባልደረባው ከኤሪክ ራይነር ጋር ሆኖ ዝገቱን ጠርጎ፣ ጥርሶቹን ዘይት ቀብቶ መጠገን ጀመረ። ሰዓቱ እንደገና መቁጠር ቻለ። ሽናይደርም በየሳምንቱ ደረጃውን እየወጣ ይሞላው ነበር። በ1992 ከተማው የሰዓቶች ኃላፊ አድርጎ ሾመው።

በ1987 የማማው ውስጥ ክፍልና መሣሪያው በቅርስነት ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ በ2013 ሕንፃው ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ማማውን መኖሪያ ቤት ለማድረግ፣ ሰዓቱንም በኤሌክትሪክ ለማሠራት ጠየቁ፤ ኮሚሽኑም ፈቀደ። የሰዓቱ ወዳጆች ከስሰው በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ረቱ። በ2019 ግን የግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ፈቃድ አጸና።

የሰዓቱ ወዳጆች የተሟገቱት መርፌዎቹ እንዳይቆሙ ብቻ አልነበረም፤ መርፌ በኤሌክትሪክም ይዞራል። የከበዳቸው፣ ሰው ደረጃ ወጥቶ የሚሞላው የሕዝብ ሰዓት ሕዝብ በማይገባበት ቤት ውስጥ መቅረቱ ነው። በየከተማችን የቆመ ሰዓት ስናይም መጀመሪያ የምንጠይቀው ይኸው ይሁን፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሚሞላውስ ማን ነው?