ተከታይ ሌላ፣ አንባቢ ሌላ

«መምህር፣ መጽሐፍ ላሳትም ነው፤ ተከታይ እንዴት ነው የማበዛው?» የሚል ጥያቄ ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዳችሁ በሁለት መስመር ከምመልስ አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ልስጣችሁ ብዬ ነው ዛሬ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ሰው ቻርልስ ዲክንስ ነው። «ኦሊቨር ትዊስት»ን በትምህርት ቤት አሳጥረው ሰጥተውን ያነበብን ብዙ ነን። በ1836 ግን ይሄ ሰው የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ነበር። ቻፕማንና ሆል የሚባሉ አሳታሚዎች የአንድ ሠዓሊን ሥዕሎች የሚያጅብ ጽሑፍ እንዲጽፍላቸው ቀጠሩት። ልብ በሉ፣ ዋናው ሥዕሉ ነው፤ ጽሑፉ አጃቢ። ሁለተኛው ክፍል ሳይወጣ ሠዓሊው ራሱን አጠፋ። ሥራው እዚያው ላይ ሊቀር ይችል ነበር። ዲክንስ ግን ሥዕሉ ይቀነስ፣ ጽሑፉ ይብዛ ብሎ ነገሩን ገለበጠው። «ፒክዊክ ፔፐርስ» የሚባለው ሥራ እንዲህ ነው መልኩን ያገኘው።

በዚያ ዘመን አዲስ ልብ ወለድ የሚወጣው በሦስት ጥራዝ ነበር፤ ዋጋው 31 ሽልንግ ተኩል። ለተራ ሠራተኛ የሚታሰብ አይደለም። የዲክንስ ሥራ ግን በየወሩ በአንዲት ሽልንግ የሚገዛ ቀጭን ክፍል ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ገዢው በመቶ የሚቆጠር ነበር። አራተኛው ክፍል ላይ ሳም ዌለር የሚባል፣ ማደሪያ ቤት ውስጥ ጫማ የሚጠርግ ልጅ (በኛ አማርኛ ሊስትሮ በሉት) ብቅ አለ፤ እንደ ለንደን ሰፈር ልጅ የሚያወራ፣ ቀልደኛ። ከዚያ በኋላ ሽያጩ ወደ ላይ ወጣ። በኅዳር 1837 ታሪኩ ሲያልቅ በወር 40,000 ቅጂ ደርሶ ነበር።

ማስታወቂያ ነው ያሳደገው? እኔ እንደማየው ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ቀጠሮ ነው። አንባቢው የሚቀጥለው ክፍል መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ከጎረቤቱ ጋር «አሁን ምን ይሆን ይሆን?» እያለ ያወራል። ዲክንስ ይህንን ቀጠሮ አንድ ወር ብቻ ነው ያጎደለው። የሚወዳት የሚስቱ እህት ሜሪ ሆጋርት በ17 ዓመቷ በሞተችበት ጊዜ መጻፍ አቃተው። ሲመለስ ምክንያቱን ለአንባቢዎቹ ነገራቸው። አስቡት፤ አንባቢውን ይቅርታና ማብራሪያ እንደሚገባው ሰው ነው ያየው።

ሁለተኛው፣ አንባቢ ማለት ገዢ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሽልንጓን ማውጣት ያልቻለ ተከራይቶ ያነብ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ደግሞ ከሚያነብለት ሰው ዙሪያ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ስለዚህ 40,000 የተባለው የተሸጠው ወረቀት ነው እንጂ የአንባቢው ቁጥር አይደለም።

ይሄንን እኛም እናውቀዋለን። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ታተመ። ብዙ ሰው ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቃቸው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ጉዱ ካሣን እንደ ዘመዱ ያነሳዋል። ያንን አድማጭ ማን ላይክ ቆጠረለት? ግን እሱም የደራሲው አንባቢ ነው።

ወደ ዲክንስ ልመለስ። አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። አንባቢ ከመጣ በኋላ ምን ያህል ነው የሚታዘዙለት?

በ1843 «ማርቲን ቸዝልዊት»ን በየወሩ ሲያወጣ ሽያጩ ወርዶ 20,000 ገደማ ሆነበት። ደነገጠ። በዛሬ ቋንቋ «ትሬንድ ላይ ልውጣ» አለና ዋናውን ገጸ ባሕርይ በታሪኩ መሃል አሜሪካ ላከው። ውጤቱ? የጨመረው ገዢ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ በተሳለቀባቸው ተቆጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ስለ ድሆች ውስጡን ያቃጥለው የነበረውን ነገር ይዞ «ኤ ክሪስማስ ካሮል»ን ጻፈ። ታኅሣሥ 19 ቀን ወጣ፤ 6,000ው ቅጂ ገና ሳይደርስ አለቀ። ቁጥር ያሳደደበት አልሆነለትም፤ የሚያንገበግበውን የጻፈበት ሆነለት።

ከዚያ በፊት፣ በ1840 እና 41፣ «ዘ ኦልድ ኪዩሪዮሲቲ ሾፕ» የሚለውን ታሪክ በየሳምንቱ ሲያወጣ፣ ትንሿ ኔል እንዳትሞት አንባቢዎች ደብዳቤ እየጻፉ ለመኑት። አልሰማቸውም፤ ሞተች። ታሪኩ ወደዚያ እየሄደ ነበርና።

በ1849 ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ሚስ ማውቸር የምትባል፣ ቁመቷ በጣም አጭር የሆነ፣ ነገረ ሥራዋ የማያምር ሴት አስገብቶ ነበር። ደብዳቤውን የላከችው እንደዚያው አጭር ቁመት ያላት ጎረቤቱ ናት። ራሷን አየችበት፤ ተጎዳች፤ ነገረችው። ዲክንስ «ልብ ወለድ እኮ ነው» ብሎ አላለፋትም። ከእሷ መልክ መዋሱን አምኖ ለገጸ ባሕርይዋ የነበረውን ዕቅድ ለወጠ። በኋላ በወጣው ክፍል ሚስ ማውቸር ቅን ሰው ሆና ተመለሰች።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የመጀመሪያው «ደስ አሰኘን» ይላል። ሁለተኛው «በድለኸኛል» ይላል። ደራሲው ለመጀመሪያው ጆሮ ነፈገ፤ ለሁለተኛው ታዘዘ። እዚህ ፌስቡክ ላይ የምናየው ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። የሚያጨበጭብልንን ሁሉ እንሰማለን፤ የተጎዳውን ብሎክ እናደርጋለን።

በኛ አገር ደግሞ ተከታይ ለማብዛት አቋራጩ የታወቀ ነው፤ አንዱን ወገን መስደብ። በአንድ ሌሊት ሺህ ሰው ይመጣል። ግን ያ ሰው ስድብ ለመስማት የመጣ ነው። ነገ ልብ ወለድ ስትሰጡት «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» ይላችኋል እንጂ መጽሐፋችሁን አይገዛም። ባልሰደባችሁ ቀን ወደሚሰድብለት ይሄዳል። የሰደባችሁት ወገን ደግሞ ልጁ መጽሐፋችሁን እንዲያነብ አይፈቅድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንባቢን መውደድም ልክ አለው። ዲክንስ ከ1858 ጀምሮ በአደባባይ እየተከፈለው ሥራዎቹን ያነብ ነበር፤ አዳራሽ ይሞላል፣ ሰው ይጮሃል፣ ሰው ያለቅሳል። ጭብጨባው ሱስ ሆነበት። ሐኪሞች ቢያስጠነቅቁትም የናንሲን መገደል በመድረክ ላይ እያስመሰለ ሲያነብ ጤናው እየወደቀ ሄደ። የስንብት ንባቡን በመጋቢት 1870 አደረገ፤ ሰኔ 9 ቀን በ58 ዓመቱ ሞተ። በ12 ክፍል ሊያወጣው የነበረው የመጨረሻ ልብ ወለዱ ስድስተኛው ላይ ቀረ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይሄ ነው። የማታጓድሉትን ቀጠሮ ያዙ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ይበቃል። የምታውቁትን ሰፈር፣ የምታውቁትን አፍ ጻፉ። ኮሜንት ስታነቡ «ግሩም ነው» የሚለውን በምስጋና እለፉት፤ «ይሄ አሳመመኝ» የሚለው ላይ ቆም በሉ። ሃያ ሰው የሚቀጥለውን ጽሑፋችሁን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አንባቢ አላችሁ ማለት ነው። ፊደል ለማይለዩ ለእናቶቻችሁና ለአያቶቻችሁ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እነሱ ላይክ አያደርጉም፤ የሰለቻቸው ቦታ ላይ ግን ወሬ ይጀምራሉ። ከዚያ የበለጠ አርታኢ አላውቅም።

የጻፋችሁት ካለ ከታች አስቀምጡልኝ፤ አነባለሁ። ቸር ያሰማን።