እርጅናና ንግግርን መስማት
እርጅናና ንግግርን መስማት፦ ዕድሜ ሲገፋ ጆሮና አንጎል ድምፅን ተቀብለው ትርጉም በሚሰጡበት ሥራ ላይ የሚታይ ለውጥ። የሚጀምረው ከውስጠኛው ጆሮ ነው። በየጆሮው 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ «ሰ»ና «ፈ» ይደበዝዛሉ፤ አናባቢው ግን ይሰማል። ድምፁን ሰምተው ቃሉን የማይለዩ አዛውንት ችላ ብለው አይደለም።

ጉዳዩ በጆሮ አያበቃም። በዕድሜ አንጎል የድምፅን ርዝመት የሚለይበት ትክክለኛነትም ይቀንሳል። ይህ አማርኛ ሰሚን በተለይ ሊፈትን ይችላል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው፤ የሚለያቸው የ«ለ» ርዝመት ነው። አንጎል ጉድለቱን ለመሙላት የፊተኛውን ክፍሉን ጨምሮ ያሠራል፣ ከዐውዱም ይገምታል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው፤ ግን ያደክማል፣ ለማስታወስ የሚቀረውን አቅምም ይሻማል።

ለምሳሌ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አይከል ከተማ፣ ቤት ውስጥ ጥሩ የሚሰሙ እናት ገበያ መሐል ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ከብዙ ድምፅ አንዱን መለየት የአንጎል ሥራ ነውና። መጮህ ቃሉን ያዛባል፤ ፊት ለፊት ሆኖ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን የመስማት መቀነስን መከላከል ከሚቻሉ የመርሳት በሽታ አጋላጮች መድቦታል። የመስማት መቀነስ ሁሉ ግን ከእርጅና አይመጣም፤ ጆሮ በኩክ ሲደፈንም ይከሰታል፤ ኩኩ በጤና ባለሙያ ይጸዳልና መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።